ቅዳሜ ቅዳሜ ለአባቴ ያነበብኩት የውሃ መስታወት

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ይህን የምለው ለትሕትና አይደለም። ለንደን፣ ዋይት ሲቲ ሰፈር ያለው ቤቴ ውስጥ በታመቀ እንፋሎት የሚያበስል የግፊት ድስት የለም፤ አንዲት ጓደኛዬ በስጦታ ያመጣችልኝን ከካርቶኑ ሳላወጣ ለጎረቤት ሰጥቻለሁ። ምድጃውን አጥፍቼ ከወጣሁ በኋላ ከደረጃው ተመልሼ ሁለት ጊዜ ቼክ አደርጋለሁ፤ ቀኑ ከከፋ ሦስት ጊዜ። እንዲህ ያለች ሴት አንድ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእንፋሎት ባቡር ቦይለር አጠገብ መቆሟ ለራሴም ይገርመኛል። የቆምኩት በባቡር ፍቅር አይደለም፤ ለአባቴ ብዬ ነው።

አባቴ በወጣትነታቸው ከአስመራ ወደ ምፅዋ በሚወርደው ባቡር ላይ እሳት አንዳጅ ነበሩ። እሳቸው ሥራውን በጣልያንኛ ፎኪስታ ይሉታል። መስመሩ በጦርነቱ ሲዘጋ አዲስ አበባ መጡ፤ እናቴን አገቡ፤ ከዚያ ለንደን ገባን። እዚህ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሰው ቢሮ ሲያጸዱ ኖሩ፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ስለ ባቡር አንድ ጥያቄ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ጡረታ ሲወጡ ግን ከከተማው ዳር በጎ ፈቃደኞች አሮጌ ባቡሮችን የሚጠግኑበት አንድ ወርክሾፕ አገኙ። የመጀመሪያው ቀን ሲመለሱ እጃቸው በጥላሸት ጠቁሮ ነበር፤ ስቶክዌል ሰፈር ያለው ቤታቸው በር ላይ ቆመው ልክ ሽልማት እንዳገኘ ተማሪ እጃቸውን አሳዩኝ።

የወርክሾፑ ሰዎች በዚያን ጊዜ ይጠግኗት የነበረችው አንዲት ትንሽ ባቡር ናት። እዚሁ እንግሊዝ ተሠርታ፣ በመርከብ አውስትራሊያ ተወስዳ፣ ዕድሜዋን በሙሉ እርሻ ውስጥ ሸንኮራ አገዳ ስትጎትት ኖራለች። ሥራ ስታቆም መናፈሻ ውስጥ አቆሟት፤ ልጆች ሲንጠላጠሉባት ዛገች። በኋላ አንድ ባቡር የሚወድ ሰው ገዝቶ መልሶ አመጣት። አሁን ደግሞ እዚያው አውስትራሊያ የድሮውን የአገዳ ሐዲድ አድሰው ለጎብኚ የከፈቱ ሰዎች ባቡራችንን መልሱልን ብለው ጻፉ። የእኛዎቹም እሺ አሉ፤ ግን መጀመሪያ ጠግነን፣ እሳት አንድደን፣ መሥራቷን እናንተው መጥታችሁ አይታችሁ ነው የምትወስዷት አሏቸው። አባቴ ይህን ሲነግሩኝ "አገሯ ልትገባ ነው" አሉ። አገሯ የትኛው ነው፣ እዚህ አይደል የተወለደችው ብዬ ጠየቅኳቸው። የሠራችበት ነዋ፣ አሉኝ፣ እንደ ሞኝ እያዩኝ።

የወርክሾፑ ኃላፊ ዝምተኛ እንግሊዛዊ ነው። አንድ ብሎን ከማጥበቁ በፊት ወደ አባቴ ዘወር ብሎ ያያቸዋል፤ እሳቸው ራሳቸውን ከነቀነቁ ያጠብቃል። አንድ ቀን ባቡሯ ስትሄድ አብረዋት ሄደው የዚያን አገር በጎ ፈቃደኞች ሁለት ሳምንት እሳት አነዳድ ያስተምሩልናል ወይ ብሎ ጠየቃቸው። አባቴ በማግስቱ ብሪክስተን ገበያ ሄደው ለፀሐዩ የሚሆን ሰፊ ባርኔጣ ገዙ። ለንደን ዝናብ እየዘነበ ባርኔጣውን ቤት ውስጥ አድርገው ዜና ሲያዩ ደርሼባቸዋለሁ።

ነገሩን እኔ እንደገባኝ ላስረዳ። ቦይለሩ ውሃ የሚፈላበት ትልቅ የብረት በርሜል ነው፤ ሆዱ ውስጥ እሳት አለ፤ እሳቱ ያለበትን የብረት ሣጥን ከላይ ውሃ መሸፈን አለበት። ውሃው ጎድሎ ብረቱ ባዶውን ከቀረ ይለሰልሳል፤ እንፋሎቱም ይዞት ይፈነዳል። ሰው ይሞታል። አባቴ ይህን ሲነግሩኝ ዳቦ እየቆረሱ ነበር፤ እኔ ድርሻዬን መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩ። ውሃው የት እንዳለ የሚያሳየው ከቦይለሩ ፊት ያለች የስንዝር ያህል የመስታወት ቱቦ ናት። በመስታወቱ ውስጥ የውሃው መስመር ይታያል፤ ግማሽ ላይ ከሆነ ደህና ነው። እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። መስታወቱ እስከ አናቱ ሲሞላና ጭራሽ ባዶ ሲሆን መልኩ አንድ ነው። ሁለቱም ጊዜ መስመር የለም፤ ጥርት ያለ መስታወት ብቻ ነው የሚታየው። አባቴ ለዚህ የማይለወጥ ሕግ ነበራቸው። መስመሩን ካጣሽ አትገምቺ፤ ከታች ያለውን መክፈቻ ከፍተሽ አፍስሺው፣ ከዚያ ዘግተሽ ምን እንደሚመለስ እዪ፣ ይሉኛል።

ዐይናቸው እየከዳቸው መሆኑን ያወቅኩት በዳዊታቸው ነው። ጠዋት ጠዋት ዳዊት ይደግማሉ። አንድ እሑድ ቡና ይዤላቸው ስገባ እየደገሙ ነበር፤ ድምፃቸው አልተሰናከለም፤ ግን ገጹን አይገልጡም። ጎንበስ ብዬ ሳይ የተከፈተው ገጽና ከአፋቸው የሚወጣው መዝሙር የተለያዩ ናቸው። በቃላቸው ነበር የሚሉት። ቡናውን አስቀምጬ ወጣሁ። አባባ፣ አያዩም እንዴ፣ ብሎ ፊት ለፊት መጠየቅ በእኛ ቤት አይታሰብም፤ አባት ራሱ ካላነሣው በቀር ልጅ አታነሣውም። እሳቸውም አላነሡትም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወርክሾፑ ድረስ ልሸኛቸው ሄድኩ፤ እዚያው ቀረሁ። ባቡሯ ለሙከራ እሳት ተለኩሶባት አባቴ አካፋቸውን ይዘው ላይዋ ቆመዋል። ወደ መስታወቱ ዞረው ጥቂት ቆዩና ወደ እኔ ሳያዩ "ምን ይላል?" አሉኝ በአማርኛ። "ግማሽ" አልኩ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ስቶክዌል ጣቢያ እንገናኛለን፤ አብረን እንሄዳለን፤ እሳቸው ምን ይላል ይላሉ፣ እኔ የማየውን እነግራቸዋለሁ። ወርክሾፑ ውስጥ አማርኛ የሚሰማ የለም። ሰዎቹ አባትና ልጅ ሲጨዋወቱ እንዴት ደስ ይላል ይሉን ነበር።

ያን ዓመት ዓርብ ማታ ዓርብ ማታ እህል አይወርድልኝም ነበር። ከወርክሾፑ በየዓመቱ የሚሞላ የጤና ፎርም መጣ፤ አባቴ ፎርም መሙላት ሁልጊዜ ለእኔ ነው የሚተዉት። ዐይንዎ እንዴት ነው በሚለው ላይ ደህና ብዬ ሞልቼ አስፈረምኳቸው። አንድ ቀን ደግሞ፣ ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፣ መስታወቱ በጭስ ደብዝዞ ምንም አልታየኝም፤ ኃላፊው አጠገባችን ስለነበር ግን ግማሽ ብዬ ገመትኩ። ምንም አልሆነም። ማታ ቤቴ ገብቼ ግን ያልለኮስኩትን ምድጃ አምስት ጊዜ ቼክ አደረግኩ።

የመጨረሻው ሙከራ ቀን ደረሰ። ባቡሯን ልትረከብ ከአውስትራሊያ አንዲት ሴትዮ መጥታለች፤ ባቡሯ ፈተናውን ካለፈች በዚያው ቀን መርከብ ላይ ልትጫን ትሄዳለች። ጠዋት ከቤቴ ስወጣ ስልኬ ላይ የአባቴን ድምፅ አገኘሁ። "ልጄ፣ እሳቱ ጊዜ ይፈልጋል፤ እኔ ቀድሜ ሄጃለሁ። አትቸኩዪ" ይላል። ብቻቸውን ሄደዋል ማለት ነው፤ ብቻቸውን እሳት ሊለኩሱ ነው። ሮጥኩ። የገባሁበት የምድር ውስጥ ባቡር ደግሞ ዋሻው ውስጥ ቆመ። ሹፌሩ ይቅርታ ጠየቀ፤ ከፊታችን ባቡር አለ አለ። ስልክ አይሠራም። በዚያ ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ አሁን ውሃ እየሞሉ ነው፣ አሁን ከሰሉን እያስተካከሉ ነው፣ አሁን ለኮሱት እያልኩ በልቤ እከተላቸው ጀመር። ፊት ለፊቴ ያለው ሰውዬ ደህና ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ደህና አይደለሁም አልኩት።

ስደርስ ጭሱ ከሩቅ ይታያል። አባቴ ባቡሯ ላይ ናቸው፤ ያን ባርኔጣ አድርገዋል። ሴትዮዋ ፎቶ ታነሣለች፤ ኃላፊው በወዲያኛው በኩል ተንበርክኮ መንኮራኩር ዘይት ይቀባል። አባቴ ባሉበት ማንም ውሃ ቼክ አያደርግም፤ ያምኗቸዋል።

እርምጃዬን ለይተው ያውቁታል። "መጣሽ? ምን ይላል?" አሉኝ።

ወጥቼ አየሁ። መስመር የለም። በሻሼ ጠረግኩት። አሁንም መስመር የለም። ከጎኑ ያለው የእንፋሎት መለኪያ ቀስቱ ከዜሮ ተነሥቷል፤ እሳቱ ከሥሩ ያጉረመርማል።

"ልጄ፣ ምን ይላል?"

ግማሽ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። ዓመት ሙሉ ስላልኩት በራሱ ነው የመጣው። ዋጥኩትና፣ አባባ፣ ሲለኩሱ ውሃውን አይተውት ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። አካፋውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። መክፈቻውን ከፍቼ ማፍሰስ ነበረብኝ፤ ሕጉን በደንብ አውቀዋለሁ፤ እጄ ግን ከጎኔ አልነሣ አለኝ።

ዘወር ብዬ በእንግሊዝኛ ተናገርኩ። አባቴ አያዩም፤ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ውሃውን የማነብላቸው እኔ ነበርኩ፤ አሁን መስመር የለም፣ አልኩ። አንድ ትንፋሽ ነው የፈጀብኝ። አባቴ ይህን ለመረዳት የሚበቃ እንግሊዝኛ አላቸው። ፊታቸውን አላየሁም፤ ምክንያቱም ወርጄ ሮጥኩ። ከሁሉም ቀድማ የሮጠችው እኔ ነኝ። አባቴን እሳት ላይ ትቼ ግቢው ውስጥ ከቆመው የውሃ ታንከር ኋላ ተደበቅኩ።

ኃላፊው ሁላችንንም እንድንርቅ ነግሮ ብቻውን ወጣ። አባቴን ውረዱ አላቸው። ፎኪስታ እሳቱን ትቶ አይወርድም አሉት፤ በአማርኛ ይሁን በእንግሊዝኛ ለይቼ አልሰማሁም፤ አልወረዱም ግን። ከታንከሩ ኋላ ሆኜ የመክፈቻውን ፉጨት ሰማሁ። ጆሮዬን ያዝኩ። ያን ጊዜ የጸለይኩት ጸሎት አባቴን አትርፋቸው የሚል አልነበረም፤ እኔ ስላልኩት ሁሉ አትቅጣን የሚል ነበር።

ፉጨቱ ቆመ። ኃላፊው ከላይ ሆኖ ሙሉ ነው አለ። መስታወቱን ሲያፈሰው መስመሩ ከላይ ወርዶ ታይቷል፤ ሲዘጋው ተመልሶ እስከ አናቱ ሞልቷል። ቦይለሩ ከሚገባው በላይ ሞልቶ ነበር እንጂ አልጎደለም።

ከታንከሩ ኋላ ወጥቼ ተመለስኩ። አባቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ይዘውታል። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ማንም ሳይገባው፣ በቀስታ እንዲህ አሉኝ፦ "ስለማላየው ነው እስከ አፉ የሞላሁት። እጄን ከላይ ውሃ በሚሞላበት ቀዳዳ አስገብቼ ውሃው ሲነካኝ ነው ያቆምኩት። እኔስ የማልፈራ መሰለሽ?"

ኃላፊው ትርፉን ውሃ አወረደ፤ ባቡሯም ፈተናውን አለፈች። አካፋውን አባቴ ራሳቸው ናቸው ያስረከቡት። ኃላፊው በሁለት እጁ ተቀበላቸው፤ ከእኛ ያየው መሆን አለበት። ወደ እኔ መጥቶ ፎርሙን ማን ሞላው ብሎ ጠየቀኝ። እኔ አልኩ። ራሱን ነቀነቀና ሄደ።

በዚያው ወር ዐይን ሆስፒታል ወሰድኳቸው። ግላኮማ ነው፤ የዐይናቸው ግፊት ከፍ ብሏል አለች ዶክተሯ። አባቴ ግፊት የሚለውን ሲሰሙ ቀና ብለው ስንት ላይ ነው፣ በምንድነው የለካችሁት ብለው ጠየቁ፤ ዶክተሯ ሳቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ አስተርጉሚላቸው አለችኝ። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ ለማቆየት እንሞክራለን፤ ከዓመት በፊት መጥተው ቢሆን ግን ብዙውን ማትረፍ ይቻል ነበር፣ አለች። ከዓመት በፊት እኔ ዳዊታቸው ላይ ጎንበስ ብዬ ነበር። ያን ሁሉ ቅዳሜ ይፈነዳል ብዬ የፈራሁት ቦይለሩን ነው፤ ለዐይናቸው አንድ ቀን እንኳ አልፈራሁም። አንድ ቃል ሳልቀንስ አስተረጎምኩላቸው። አባቴ ሰምተው ሲያበቁ ጉልበቴን መታ መታ አድርገው ተነሡ። ይህን ባያደርጉ ይሻለኝ ነበር።

ባርኔጣው ስቶክዌል በራቸው ኋላ ተሰቅሏል። አሁን በየቀኑ ከሥራ ስወጣ በቪክቶሪያ የምድር ባቡር መስመር እሄድና ጠብታውን አደርግላቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ሴትዮዋ ከአውስትራሊያ ቪዲዮ ላከችልን። ባቡሯ በአረንጓዴ አገዳ መካከል ጭሷን እየተፋች ስትመጣ ይታያል፤ አንዲት ወጣት ሴት እሳቱን ታነድዳለች። አባቴ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው ሰሙት፤ አሰልሰው ሰሙት። ከሰሉን ደህና አድርጋ ነው የምትጨምረው አሉ። ከዚያ ስልኩን መልሰው ሰጡኝና "ምን ይላል?" አሉኝ።

ቪዲዮውን አቁሜ አቀረብኩት። የልጅቷ ትከሻ ጋርዶታል።

"መስታወቱ አይታይም፣ አባባ" አልኳቸው።

"እንግዲያው አትገምቺ" አሉኝና ለጠብታው ራሳቸውን ወደ ኋላ ደገፍ አደረጉ።