ምላሴ ሲነጣ ባሌን ጠረጠርኩት

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ ነው። ትዳሬም እግሬም ለጥቂት ነው የተረፉልኝ።

የምኖረው ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። ከበቅሎ ወድቄ ቀኝ እግሬ ተሰብሮ ነበር። ስብራቱ ቢገጥምም ቁስሉ አልደርቅ አለ። ደሴ ድረስ ሄጄ ስመረመር ሐኪሙ፣ "አጥንቱ አመርቅዟል፤ ለወራት የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ያስፈልግሻል። ተሻለኝ ብለሽ እንዳታቋርጪ፤ እግርሽን ልታጪ ትችያለሽ" አለኝ። እኔም ጧትና ማታ ስውጥ ከረምኩ።

ባለቤቴ ደሴ ግንባታ ላይ ነው የሚሠራው። ለፋሲካ መጥቶ ሰነበተና ተመለሰ። እሱ ከሄደ ብዙም ሳይቆይ ማሳከክ ጀመረኝ፤ ያውም ለሰው በማይነገር ቦታ። ሙቀት ነው ብዬ ተውኩት። እየባሰ ሄዶ መቀመጥም መተኛትም ነሳኝ። ደግሞ አፌ ተበላሸ። ምላሴ ላይ እርጎ የመሰለ ነጭ ነገር ተጋገረ፤ በጨርቅ ስጠርገው ሥሩ ይደማል። ምግቡ ሁሉ እሳት ሆነብኝ። ኪኒኑንም የምውጠው እንባዬ እየመጣ ነው።

ልጅ ሳለሁ አክስቴ በኤች አይ ቪ ስትሞት አፏ እንዲህ ነበር። እሷን እያሰብኩ ራሴን ጨረስኩት። ባሌ ከተማ የሚውል፣ ብቻውን የሚያድር ወንድ ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ሲደውል ቶሎ እዘጋበታለሁ።

"ምን ሆነሻል? ድምፅሽ ተቀየረብኝ" ይለኛል።

"ኔትወርኩ ነው" እለዋለሁ።

ልጆቼን ይዤ ማሻ በሚባል ሌላ ገጠር ያለችው እናቴ ቤት ልገባ ልብሴን ሸክፌ ነበር። መጀመሪያ ግን ቁርጡን ልወቅ ብዬ መካነ ሰላም ሐኪም ቤት ሄድኩ። ተራ ስጠብቅ በሩ ተከፈተና መርማሪውን አየሁት። የጎረቤታችን ልጅ ነው! ነጠላዬን ተከናንቤ ወጣሁና ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አንዲት ጠና ያሉ የማላውቃቸው ሴት መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

"አፈር ስሆን ልጄ፣ ምን አገኘሽ?"

የማያውቁኝ ሰው ስለሆኑ ነው መሰለኝ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ምላሴንም አሳየኋቸው።

"አብሽሪ" አሉኝ። "እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ምን እንደሆነም አላውቅም። ግን ሳትመረመሪ ባልሽ ላይ እንዴት ትፈርጃለሽ? ልጁን ካፈርሽው ሴት ሐኪም ትይሽ። ነይ፣ እኔ እጠይቅልሻለሁ።"

እጄን ይዘው መለሱኝ። በር ላይ ያለውን ሠራተኛ አናግረው ሴት ሐኪም ዘንድ አስገቡኝ። ደም ሰጥቼ ውጤት ስጠብቅም አግዳሚው ላይ አብረውኝ ተቀመጡ።

ሐኪሟ ስትጠራኝ ግድግዳውን ይዤ ገባሁ።

"ኤች አይ ቪ የለብሽም፤ ስኳርም የለብሽም" አለችኝ። "የምትወስጂው መድኃኒት አለ?"

ማሸጊያውን አውጥቼ ሰጠኋት።

"ምላስሽ ላይ ያለውም የሚያሳክክሽም ፈንገስ ነው፤ ያመጣብሽም ይሄ መድኃኒት ነው። የእግርሽን ተሕዋስ ሲገድል፣ በሰውነትሽ ፈንገስ እንዳይባዛ የሚከላከሉትን ጠቃሚዎቹንም ይገድላል። ያኔ ፈንገሱ ቦታውን ይይዛል። ባልሽ አላመጣብሽም።"

"እንግዲያው ላቁመው?"

"እንዳታደርጊው! እግርሽስ? ፈንገሱን ለብቻው እናክመዋለን።"

ደሴ ላለው ሐኪሜ ደውላ መድኃኒቶቹ እንደማይጋጩ አረጋገጠች። የሚዋጥና የሚቀባ ሰጠችኝ። ውስጤን በሳሙና እንዳልታጠብ፣ ከመለሰብኝም ቶሎ እንድመጣ ነገረችኝ።

ስወጣ ሴትዮዋ የሉም። ግቢውን ዞሬ ፈለግኳቸው፤ አጣኋቸው።

እዚያው ሆኜ ለባሌ ደወልኩና የጠረጠርኩትን ሳልደብቅ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ፣ "ይህን ሁሉ ብቻሽን ተሸክመሽ?" አለኝ። ቅዳሜ ሥራውን ትቶ መጣ።

ሕመሙ በጥቂት ቀን ለቀቀኝ። አንድ ጊዜ ተመልሶብኝ ነበር፤ ሳልውል ሳላድር ሄጄ ታከምኩ። የእግሬም ቁስል ደርቋል። ስጋቱ ግን ጨርሶ አልተወኝም፤ አፌ ትንሽ ሲደርቅ መስታወት ፍለጋ እሮጣለሁ። የሴትዮዋን ስም እንኳ አልጠየቅሁም። ያን ቀን ባያገኙኝ ኖሮ በማግስቱ ማሻ ነበርኩ፤ ኪኒኑንም እዚያ ማንም አያስውጠኝም፣ እግሬንም አጣው ነበር። መካነ ሰላም ገበያ በወጣሁ ቁጥር የሴቶቹን ፊት አንድ በአንድ እያየሁ አልፋለሁ።