ያልጮኽንለት ድል

የያዙኝ ታይዋን በምንለው የከተማችን ገበያ ነጠላ ጫማ እየለካሁ ሳለ ነው። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች፣ "መምህር፣ ለጥያቄ እንፈልግሃለን" ብለው ባጃጅ ውስጥ አስገቡኝ።

ጥፋቴ አንድ ንግግር ነበር። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥኑ ከጦር ግንባር የድል ዜና ሲያሰማ፣ "ድሉ የማን ነው? በሁለቱም ወገን የሚሞቱት የእኛው ልጆች አይደሉም እንዴ?" ብያለሁ።

"አማርኛ አስተማሪ አይደለህ? ድል ማለት ምንድን ነው?" አለኝ መርማሪው።

"እንደ አገባቡ ነው። ድል ነሳ ሲባል አሸነፈ፣ ድል ተነሳ ሲባል ተሸነፈ ነው። ድል ያለ ሰርግ ስንል ግን ጠላት የለበትም።"

"ታሾፋለህ?"

አላሾፍኩም ነበር። በጥፊ የተመታው ግራ ጆሮዬ እስከ ማታ ሲጮህ ዋለ።

የታሰርኩበት ክፍል ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ግድግዳው ሲነኩት ያቃጥላል፤ የላብና የሽንት ባልዲው ሽታ ጉሮሮ ይይዛል። አንድ ሽማግሌ እግራቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁልኝ። ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ወታደር ልጃቸው ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል። ወሬውን ለመጠየቅ የጦሩ ቢሮ ሲመላለሱ አንድ ቀን ትዕግስታቸው አልቆ ጮኹ፤ "ረብሻ" ተብለው ታሰሩ።

"ወሪያ መምህር፣ ምን ብለህ ነው?" አሉኝ።

ለመርማሪው የመለስኩትንም ጨምሬ ነገርኳቸው። "ድል ያለ ሰርግ…" አሉ። "ወላሂ፣ ለልጄ ያሰብኩት እሱን ነበር። ልጅቷንም አይተንለት ነበር።"

አንድ ረፋድ ሁላችንንም ግቢ አሰለፉን። የእስር ቤቱ አዛዥ ሠራዊቱ አንድ ከተማ መያዙን ነገረን። "ድል ለእኛ!" ሲል እጃችንን አንስተን እንድንደግም አዘዘ። በማግስቱ የመጠየቂያ ቀን ነበር፤ ያልጮኸ ቤተሰቡን አያይም አለ።

ግቢው አስተጋባ። እኔ አፌን ልከፍት ስል፣ ሽማግሌው እጃቸውን አጣምረው መቆማቸውን አየሁ።

"አባባ፣ አልሰማህም?" አላቸው ጠባቂው።

"ሰምቻለሁ። ልጄ እዚያ ነው። እሱን አምጣልኝ፣ ከሁላችሁ በላይ እጮሃለሁ።"

እስኪጮሁ ፀሐይ ላይ እንዲቆሙ ተፈረደባቸው። ሌሎቹ ወደ ክፍል ሲመለሱ እኔ ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ።

"አንተስ?" አለ ጠባቂው።

"እኔም አልጮኽኩም።"

"ግባ አቦ፣ ሚስትህ ነገ ትመጣለች" አሉኝ ሽማግሌው ቀስ ብለው።

"አውቃለሁ።"

ከዚያ በኋላ አልተከራከሩኝም። የትከሻቸውን ፎጣ አውርደው ዘረጉና ግማሹን እኔ ራስ ላይ ጣሉት። ለአስር ሰላት ሲጠራ ጠባቂው ሰልችቶት አስገባን። አልጮኽንም። በማግስቱ ሚስቴ ምሳ ዕቃዋን እንደያዘች ከበር ተመለሰች።

ክስ ሳይመሠረትብን ተፈታን። ዛሬም አስተምራለሁ። በቴሌቪዥን ያ ቃል ሲነሳ ባልደረቦቼ ወደ እኔ ላለማየት ይጠነቀቃሉ፤ እኔም አልናገርም።

ባለፈው ሳምንት ወደ ሽማግሌው ሱቅ ጎራ አልኩ። ሴት ልጃቸው፣ "አባ የሉም፣ ዛሬም የወንድሜን ወሬ ሊጠይቁ ሄደዋል" አለችኝ። ቁጭ ብዬ ጠበቅኳቸው። ሲመለሱ ጫማቸው አቧራ ለብሷል። አዩኝና ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ። ተነስቼ ወንበሩን ለቀቅኩላቸው።