ለጫልቱ ሽማግሌ የመጣ ቀን

የዛሬን አያድርገውና፣ ያኔ አምቦ ሰፈራችን ሽማግሌ ሲመጣ አጥር ላይ የማይንጠለጠል ጎረቤት አልነበረም። እኔማ ማንም አይቀድመኝም።

የጎረቤቴ የኦቦ ቶሎሳ ልጅ ጫልቱ የአዲስ አበባ ልጅ ወዳ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ለብሰው መጡላት። ይዘው የመጡት ደግሞ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ለአምቦ ሰው አንድ ሳጥን አምቦ ውሃ! ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት።

"ልጅዎን ለልጃችን" ብለው ደጅ ቆሙ። እሺ ካልተባሉ መቼም አይቀመጡም።

ኦቦ ቶሎሳ ሳጥኑን ሲያዩ ደማቸው ፈላ። "መሬታችንን በላችሁ፣ ውሃችንን ወሰዳችሁ፣ አሁን ደግሞ ልጄን? ለአዲስ አበባ ሰው የምሰጠው ልጅ የለኝም!"

ጫልቱ ጓዳ ሆና ስታለቅስ እኔ ድረስ ይሰማል።

ይሄኔ ትልቁ ሽማግሌ ጥርት ባለ ኦሮምኛ፣ "ኦቦ ቶሎሳ፣ እኛ አዲስ አበባ አልሄድንም። ጤፋችንን እያጨድን ሳለ እሷ ናት የመጣችብን። የልጁ አባት ወንድሜ ነው፤ ዛሬ የገዛ ማሳው ላይ የተሠራ ፎቅ ዘበኛ ሆኗል" አሉ።

ኦቦ ቶሎሳ ወደ ቤት ገቡና ሦስት ወንበር በገዛ እጃቸው ተሸክመው ወጡ።