የኮሪደሩ ስብሰባ

ሆሳዕና ባለው መሥሪያ ቤታችን ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። ኃላፊያችን በአማርኛ "አስተያየት ያለው?" ሲሉ ሁሉም አንገቱን ይደፋል። ኮሪደር ስንወጣ ግን በሀዲይኛ ማን ይችለናል! ለሆመቾ ገበሬዎች የሚላከው ዘር ለምን እንደዘገየ ሁሉም ያውቃል። እኔ ባዶ ደብተሬን ታቅፌ እበግናለሁ፤ ምን አለ ስብሰባው ውስጥ ቢናገሩት!

አንድ ቀን ኃላፊው ወንበራቸውን ይዘው ኮሪደር ወጡ። ዱራሜ ያደጉ ከምባታ ናቸው፤ ሀዲይኛ አይሰሙም። ሁላችንም ወደየቢሯችን ልንገባ ዞርን።

"ቀጥሉ እንጂ! በፈለጋችሁት ቋንቋ፤ አንድ ሰው ይተርጉምልኝ" አሉ።

አንዱ ጀመረ፣ ሌላው ቀጠለ። ደብተሬ ሞላ፤ ዘሩም በሳምንቱ ሆመቾ ደረሰ። ቃለ ጉባኤውን ሳነበው ግን አፈርኩ። ከሁሉም ረጅሙ አስተያየት የእኔ ነበር፤ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ ብዬ የማላውቀው የእኔ!