አጥፋው ሲባል

የሳሙና ፋብሪካው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሻማ ይባላል። መብራት በሄደ ቁጥር የሚፈለገው እሱ ስለሆነ ነው እንዲህ ያሉት፤ ሚስቱ እንኳ ሻማ ነው የምትለው። እሷም እዚያው ናት፤ የትልቁን ሳሙና ማደባለቂያ ማሽን በርሜል ውስጡ ገብታ ትፍቃለች።

የዚያን ቀን ማሽኑ ሳሙናውን ሳይጨርስ መሃል ላይ ቆመ። ሻማ የማሽኑን ፕሮግራም ለሠራው ባለሙያ ደወለ።

«የያዘውን መጀመሪያ አጥፋው፤ ከዚያ ከዜሮ ታስነሳዋለህ» አለው ባለሙያው።

ሰውዬው ማሽኑ የሚያስታውሰውን ሰርዘው ማለቱ ነበር። ሻማ ግን ዕድሜ ልኩን ማጥፋት ሲባል የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ዋናውን ማብሪያ አጠፋና እፎይ አለ። ወይ ቋንቋችን፣ በአንድ ቃል ስንቱን ጉድ ይሠራል! የማሽኑ መቆጣጠሪያ ደግሞ መብራት ሄደ ብሎ የሚረሳ አይደለም። ውስጡ ባትሪ አለው፤ የት እንደደረሰ እንደ አማት ይዞ ይቆያል።

ሚስቱ ሳሙናው ሳይደርቅ ልትፍቀው መፋቂያዋን ይዛ በርሜሉ ውስጥ ገባች። ጥቂት ቆይታ ከበርሜሉ እስከ ወገቧ ብቅ አለች።

«አንተ፣ ጨለመኝ እኮ። መብራት ስጠኝ።»

የበርሜሉ አምፖል ከዚያው ማብሪያ ነው። ሻማ ማሽኑ ሁሉን ረስቷል ብሎ አምኗልና ምንም ሳይጠራጠር አበራላት።

ማሽኑ ካቆመበት ቀጠለ። በርሜሉ ውስጥ እየዞረ የሚያማስለው ክንፍ መፋቂያውን ነጥቆ የጋውኗን ጫፍ ጠመጠመው። ደግነቱ ጋውኑ ያረጀ ነበር፤ ተቀደደና እሷ ወደ ውጭ ተዘርራ ወደቀች። ሻማ ማብሪያውን መልሶ ቢያጠፋም እጁ ከላዩ አልላቀቅ አለው።

«ጎንበስ ብዬ ቢሆንስ?» አለችው፣ መሬት ላይ እንደተቀመጠች።

 ሚስቱን በገዛ እጁ ሊገድላት ነበር።

ሳሙናው ግን እየደረቀ ነው፤ መፋቁ አይቀርም። ሻማ ማብሪያውን እንደጠፋ በጓጉንቸር ቆለፈና ቁልፉን መዳፏ ላይ አኖረው። ልትገባ ተነሳች፤ እግሯ እምቢ አላት። ስለዚህ እሱ የእጅ መብራትና ሌላ መፋቂያ ይዞ ገባ።

«አለሽ?» አለ ከውስጥ።

«አለሁ።»

ጥቂት ፋቀና ደግሞ «አለሽ?» አለ።

«አለሁ አልኩህ እኮ፤ ፋቅ» አለችው፤ ቁልፉን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ማብሪያውን በጀርባዋ ከልላ ቆማለች።