የዓርቡ ዝርግፍ

ጋዲሴ «ቆይ ልጠይቀው» ብላ ወደ ኮምፒውተሩ ክፍል ስትገባ አዲስ ሠራተኛ ሁሉ ይስቅባታል። የታመመ ዘመድ ልታይ የሄደች ይመስላቸዋል። እሷ ግን የምትቀልድ ሴት አይደለችም። ማሽኑን በትእዛዝ መጠየቅና የመለሰውን ማንበብ ሥራዋ ነው። እኔ ሻሼ በር ላይ የሚገባና የሚወጣ መኪና መዝጋቢ ነኝ። ጋዲሴ የአዳማ ጎረቤቴ ናት፤ ጧት ጧት በአንድ ሚኒባስ ወደ ሞጆ እንወርዳለን። እንወርድ ነበር ልበል። ይህን የማወራው ንዴቴ ስላልበረደልኝ ነው።

መሥሪያ ቤታችን ከደረቅ ወደቡ ማዶ ያለ የግል መጋዘን ነው። ኮምፒውተራችን ደግሞ ውጭ አገር አንድ ባንክ ተጠቅሞ የጣለው፣ ቁምሳጥን የሚያህል አሮጌ ማሽን ነው። ዕቃ ሲገባ፣ ሲመዘን፣ ሲወጣ ሁሉም በእሱ በኩል ያልፋል። እሱ ከቆመ ግቢው ይቆማል፤ የመኪናው ሰልፍ አስፋልት ድረስ ይደርሳል፤ የሾፌሩ ስድብ ሁሉ እኔ ላይ ይወርዳል።

ይህ ማሽን ዓርብ ዓርብ፣ ወደ እኩለ ቀን ገደማ መውደቅ ጀመረ። በዚያ ሰዓት የጋዲሴ የሥራ ባልደረባ ሳሊህ ለጁምዓ ወደ መስጊድ ይሄዳል። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ታጠቅ ይህን ሲሰማ ነገሩ ሁሉ ተገለጠለት። «አንድ ነገር ነካክቶ ነው የሚወጣው» አለ። ሳሊህን ከሥራ አገደውና ዓርብ ከሰዓት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እንዲቀርብ ደብዳቤ ጻፈለት። ሳሊህ ዝምተኛ ሰው ነው። ሚስቱ ጫልቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ ሁለቱ ልጆቹ ገና አልደረሱም። በዚህ ኑሮ ከሥራ መባረር ምን እንደሆነ ለማንም መንገር አያስፈልግም።

ሰኞ ዕለት ጋዲሴ ማሽኑን ጠየቀችው። መኪና ስላልነበረ አጠገቧ ቆሜ አይ ነበር።

እንዲህ ያለ ማሽን ሲወድቅ፣ በዚያች ቅጽበት ሆዱ ውስጥ የነበረውን ሁሉ ዲስክ ላይ መዘርገፍ ይችላል። ባለሙያዎቹ ዳምፕ ይሉታል፤ እኛ ቤት ስሙ ዝርግፍ ነው። ማን ምን እያዘዘው እንደወደቀ ከዝርግፉ ይነበባል። የእኛው ማሽን ግን ዓርብ ዓርብ ሲወድቅ ምንም ዘርግፎ አያውቅም። ጋዲሴ የጠየቀችው ይህንኑ ነው፤ በዚህ ዓይነት ብልሽት ስትወድቅ እንድትዘረግፍ ተፈቅዶልሃል ወይ? መልሱ አንድ መስመር ነበር። ተፈቅዷል፤ የሚፈቀደው አንድ ጊዜ፤ የተወሰደው አንድ ጊዜ።

«አየሽ ሻሼ» አለች ወደ ስክሪኑ እያመለከተች። «ድርሻውን ጨርሷል። ያኔ ማሽኑ እንደመጣ አንዴ ዘርግፎ ነበር፤ እሱንም ዲስክ ሲሞላ አጥፍተነዋል። ከዚያ ወዲህ አፉ ተዘግቶ ነው የሚወድቀው።»

«ታዲያ ክፈቺለታ።»

«ካላስፈቀድኩ አይሆንም።»

አቶ ታጠቅ ዘንድ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ቁጥሩ ከፍ እንዲል ጠየቀችው።

«ሲዘረግፍ ምን ያህል ይቆያል?» አለ።

«ዲስኩ አሮጌ ነው። አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል።»

«ሳይዘረግፍ ሲወድቅስ?»

«ወዲያው ይነሳል። ግን አቶ ታጠቅ፣ ለምን እንደሚወድቅ ካላወቁ ሰውየውን በምን ይፈርዱበታል?»

«ዓርብ ቀን ያን ሁሉ መኪና አንድ ሰዓት ላቁምልሽ? እኔ የምፈልገው ተጠያቂ ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም» አለ። አባባሉ ራሱን ደስ አሰኝቶት ፈገግ አለ። በዚያች ፈገግታው ብቻ ልደበድበው ነበር የቃጣኝ።

ዓርብ ጧት ከጋዲሴ ጋር በሚኒባስ ወረድን። ግቢ እንደገባን ቀጥታ ወደ ክፍሏ ሄደች። ቆየት ብላ በር ላይ መጣችና በጆሮዬ «ከፍቼዋለሁ» አለችኝ።

«ያባርሩሻል እኮ።»

«ሳሊህን እያባረሩት አይደል?»

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ሌላው ሠራተኛ ማሽኑ እንዳይወድቅ ይጸልያል፤ እኛ ሁለታችን እንዲወድቅ እንለምናለን። ኃጢአት መስሎ ተሰማኝ። አዛን ተሰማ፤ ሾፌሮቹ እየተጠራሩ ወደ መስጊድ ሄዱ። ማሽኑ አልወደቀም። ሶላቱ አለቀ፤ ሰዉ ተመለሰ። ማሽኑ አሁንም አልወደቀም። እንደዚያን ቀን ፈጣን ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ገና ሳልጽፍ የሚመልስልኝ ይመስል ነበር።

ሳሊህ መጣ። ኮት ለብሷል። ከኮሚቴው ክፍል ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ እጁን ጉልበቶቹ መሃል ወሸቀ። ኮሚቴው ገባ፤ እሱንም ጠሩትና በሩ ተዘጋ። ጋዲሴ በመስኮት አየችኝ፤ ፊቷ አመድ መስሏል። አበቃለት ብዬ እንባዬ መጣ።

ያን ጊዜ ነው ኤባ የሚባል ሾፌር ተሳቢ እየጎተተ ሊወጣ በሩ ላይ የቆመው። የተሳቢውን ታርጋ ጻፍኩ። ስክሪኑ ደረቀ።

በሌላው ዓርብ ቢሆን እሳደብ ነበር። ያን ዕለት ግን ወንበሬን ጥዬ ወደ ጋዲሴ ሮጥኩ። ስክሪኗ ላይ መዘርገፍ መጀመሩን የሚናገር አንድ መስመር ወጥቷል። «ማንም እንዳይነካው» አለች። «መሃል ላይ ከጠፋ ሁሉም ይጠፋል።»

መኪኖቹ ጥሩምባ መንፋት ጀመሩ። አንድ ሁለት ሲሉ ቆዩና ሰልፉ በሙሉ ጮኸ። አቶ ታጠቅ ከስብሰባው ወጥቶ እየሮጠ መጣ።

«ለምንድነው የማይነሳው?»

«እየዘረገፈ ነው።»

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም። እኔ ነኝ የከፈትኩት።»

ማብሪያ ማጥፊያው ወዳለበት ግድግዳ ሄደ። ጋዲሴ ቀደመችውና ጀርባዋን ማብሪያው ላይ ለጥፋ ቆመች። ትንሽ ሴት ናት፤ እሱ ትከሻው በር ይሞላል።

«ልቀቂ» አለ።

«አልለቅም። ማሎ፣ እባክዎ አቶ ታጠቅ። ይህን ካጠፉት ያ ሰው ራሱን የሚከላከልበት ሌላ ነገር የለውም።» አለች። «እኔን በኋላ የፈለጉትን ያድርጉኝ።»

የኮሚቴው ሰዎችም ወጥተው ኮሪደሩን ሞሉት። ሳሊህ ከሁሉም ኋላ ቆሟል። ያ ሁሉ ሰው እያየው አቶ ታጠቅ ሴት ገፍትሮ ማለፍ አልሆነለትም። ላቡን እየጠረገ ቆመ። የውጪው ጥሩምባ አላቋረጠም፤ አንዱ ሾፌር የግቢውን በር በድንጋይ ይደበድባል። ጋዲሴ ከግድግዳው አልተነቃነቀችም። እንደዚያ ያለ ረጅም ሰዓት በዕድሜዬ አላሳለፍኩም።

ሲያልቅ ማሽኑ ተነሳ፤ እሷም ቁጭ ብላ ዝርግፉን አነበበች። ኮሚቴው ከጀርባዋ ቆሞ ነበር። ማሽኑ ሲወድቅ በሆዱ የያዘው የአንድ ተሳቢ ታርጋ ነበር፤ ኤባ የጎተተው የሌላ ሾፌር ተሳቢ። ዓርብ ዓርብ ሾፌሮቹ ለሶላት ሲሄዱ ተሳቢያቸውን ግቢ ውስጥ ፈትተው ይተዋሉ። የዘገየ ካለ ጓደኛው በራሱ መኪና ጎትቶ ያወጣለታል። ፕሮግራሙ ግን አንድ ተሳቢ ይዞት ከገባው መኪና ጋር ብቻ እንደሚወጣ ነው የሚያውቀው። በአንድ መኪና ገብቶ በሌላ ሲወጣበት የቱን እንደሚይዝ ግራ ይገባውና ሲዞር ሲዞር ይወድቃል። የሳሊህ እጅ በየትም አልነበረበትም። የማንም እጅ አልነበረበትም።

ኮሚቴው ሳሊህን ነጻ አደረገው። ሊበተኑ ሲነሱ አቶ ታጠቅ «አንድ ጉዳይ ቀርቷል» አለ። «ለዛሬው መቆም ተጠያቂው ማነው?»

ጋዲሴ «እኔ ነኝ አልኩዎ እኮ» አለች። ያለ ፈቃድ የማሽን አሠራር በመለወጥ ተብሎ ከዚያች ቀን ጀምሮ ከሥራ እንድትሰናበት ተወሰነ። ተጠያቂ ተገኘለት።

ቦርሳዋን ስትይዝ አቶ ታጠቅ ሳሊህን ወንበሯ ላይ አስቀመጠው። «እንኳን ደህና መጣህ። አሁን ያንን ዝርግፍ የሚሉትን ወደነበረበት መልስልኝ። ሁለተኛ እንዳይዘረግፍ።»

ሳሊህ እጁን ፊደሎቹ ላይ አድርጎ ቀረ። ከዚያ ዞር ብሎ አያት።

«ዝጋው» አለችው።

«በእኔ እጅ፣ ጋዲሴ?»

«በማን እጅ ታዲያ? ሥራው ያንተ ነው። ዝጋው።»

ዘጋው።

ወደ አዳማ ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ አፌን መያዝ አልቻልኩም። «ፈሪ! ላንቺ አንድ ቃል እንኳ መናገር አቅቶት ነው?» አልኳት።

«ቢናገር ኖሮ አሁን እሱም እዚህ ሚኒባስ ውስጥ አጠገባችን ነበር፤ ሥራ የሌለው ሆኖ» አለች። «ታዲያ እኔ ምን ሠራሁ ማለት ነው?» ከዚያ ሻሿን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች። አትወቅሺው ብላ አስማለችኝ፤ እኔም ማልኩላት።

ሰኞ ጧት ሳሊህ በሩ ጋ ሲደርስ «አካም ቡልቴ፣ ሻሼ» ብሎ በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ አለኝ። ልመልስለት አልቻልኩም። እሱም መልስ አልጠበቀም፤ አንገቱን ደፍቶ ወደ እሷ ወንበር ሄደ።