የአራት ጋሎን መርጫ

አባዬ ሸዋ ሮቢት ሜዳ ላይ ማሾ መዝራት ከጀመሩ ወዲህ የተባይ መድኃኒት ሕጋቸው አንድ ነው፦ አንድ ጀሪካን ውሃ፣ አንድ መርጫ፣ አንድ ክዳን መድኃኒት። ጀሪካኑም በጀርባ የሚታዘለው መርጫም ሃያ ሃያ ሊትር ስለሚይዙ ሕጉ አሳስቷቸው አያውቅም። አምና ግን ማሾው አበባ ላይ እንዳለ ክሽክሽ የሚባለው ቅጠል መጣጭ ተባይ ወረረው። በዚያው ሰሞን አሮጌው መርጫችን ተሰነጠቀ። የዓመቱ ተስፋችን ደግሞ ያ ማሳ ብቻ ነበር።

ጎረቤታችን ከውጭ የመጣ መርጫ አዋሰን። ሲያዩት ያምራል፤ ማንገቻው ሳይቀር ስፖንጅ አለው። ሆዱ ላይ ግን ከአንድ እስከ አራት ተቆጥሮ «ጋሎን» ተብሎ ተጽፏል። ሊትር የሚባል ነገር የለም። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ጋሎኑን ወደ ሊትር እንዲቀይርልኝ ስልኬን አወጣሁ። ኔትወርኩ ሲመጣ ሲጠፋ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ስልኩ መልሶ እኔኑ ጠየቀኝ፦ የአሜሪካ ጋሎን ነው ወይስ የእንግሊዝ? በአሜሪካው አራት ጋሎን አሥራ አምስት ሊትር ከትንሽ ነው፤ በእንግሊዙ ከአሥራ ስምንት ያልፋል። መርጫውን ገለባብጬ ባየው የተሠራበት አገር አልተጻፈበትም።

«አሥራ አምስት ነው፤ ወይም አሥራ ስምንት» አልኳቸው።

«ወይ እወቅ፣ ወይ ዝም በል» አሉኝ አባዬ። «ፀሐይዋ እኮ ወጣች።»

ቢስሚላህ ብለው ጀሪካኑን ገለበጡ። መርጫው እስከ አንገቱ ሞልቶ ጀሪካኑ ውስጥ ሩብ ያህል ውሃ ተረፈ። ከዚህ በኋላ ስልክም አያስፈልግም ነበር።

«አባዬ፣ ይኸው አሥራ አምስት ነው። ከክዳኑም ሩቡን ይቀንሱለት።»

«የተረፈው ውሃው ነው፣ መድኃኒቱ ምን አደረገ? አንድ መርጫ፣ አንድ ክዳን ነው። ወላሂ አንተ ልጅ፣ ሂሳብህ የሚያልቀው ክሽክሹ በልቶ ሲጨርስ ነው!»

እኔ ይቀንሱ፣ እሳቸው አልቀንስም ስንባባል ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጣች። የቆላ ማሳ በማለዳ ካልተረጨ እንደማይሆን ሁለታችንም እናውቃለን። ክዳኑን ሙሉውን ጨምረው፣ መርጫውን አዝለው ገቡ። እኔ እየተነጫነጭኩ ውሃ ሳመላልስ ዋልኩ።

ከቀናት በኋላ የቅጠሉ ጠርዝ ተቃጥሎ ተጠቀለለ። አበባውም ገና ሲነኩት ይረግፍ ጀመር። መድኃኒቱ በዝቶበት ይሁን በጠራራ ፀሐይ ተረጭቶ፣ እስከ ዛሬ አልለየልኝም፤ ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ማንን ልውቀስ?

አባዬ ማሳው ዳር ቁጢጥ ብለው ቅጠሉን እያገላበጡ ብዙ ቆዩ። ቀና ብለው አላዩኝም።

«ክሽክሹስ አንድም አልቀረ» አሉ።

እውነታቸውን ነው። የሚለቀም ማሾም አልቀረ።